ልበ ሰፊው

በአላዛኒ ሸለቆ፣ በወይን ተክል መሃል፣
ሠርግም ቢሆን ለቅሶ፣ ኦታር ይጠራል።
ታማዳ ነው አባቴ፣ የገበታው ዳኛ፣
የቃል አበጋዝ፣ የዋንጫ ፈረሰኛ፤
አንዱ ለፈጣሪ፣ አንዱ ለሰላም፣ አንዱ ለእንግዳ መሸኛ፣
አንዱ በጦርነት ለቀረ፣ አንዱ ገና ላልተወለደ፣
ሃያ ስድስት ጊዜ ቀንዱን ሲያነሳ አንዴም አልተንገዳገደ።
ኩራቱም ይኸው ነበር፦
«እኔ ወይኑን ጠጣሁት እንጂ፣ ወይኑ እኔን አልጠጣኝም፤
ሰክሬ ያየኝ ሰው ካለ ይምጣ፣ ከፊቴ ይቁም!»

እኔ ልጁ ማክቫላ፣ በቴላቪ ሆስፒታል፣
ሥራዬ ልብ ማየት ነው፤ እንጀራዬ ከዚያ ይገኛል።
ቀዝቃዛ ቅባት አፈሳለሁ፣ መሣሪያውን በደረት ላይ አንሸራትታለሁ፣
ጥቁርና ነጩን ጥላ እንደ ፊደል አነብባለሁ።
ከበዓል ማግስት የሚመጡትን ከበር ጀምሬ አውቃለሁ፤
የልባቸው ምት ተበትኖ፣
«የትናንቱ ብቻ ነው እኮ» የሚሉትን፣ ዓይናቸው ወለል ላይ ሆኖ።

አባቴ ግን ሳይመጣ ቆየ።
መጀመሪያ ጫማው ጠበበው፤ «ዝናብ ነው ቆዳውን ያኮማተረው» አለ።
ቀጥሎ ደረጃው ረዘመ።
ቀጥሎ ትራሱ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፤
በመጨረሻ ተቀምጦ አደረ፣
እንደ ዘበኛ ሌሊቱን እየቆጠረ።

አንድ ሰኞ ሸሚዙን አውልቆ በሥራ አልጋዬ ላይ ተጋደመ።
የእጄ መንቀጥቀጥ ገብቶት «አይዞሽ» አለኝ፣ እሱ እየታመመ።
በመስኮቱ ላይ ያ ልብ፣
እንደ አሮጌ ስልቻ ረግቦ፣ ግድግዳው ሳስቶ፣
ከገባው ደም አራት እጅ አንዱን ብቻ ገፍቶ፣
ሦስቱን ይዞ ይቀራል።
ማዳመጫዬን ባኖር፣ ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ይመታል፤
አቀበት ላይ የደከመ ፈረስ እንዲህ ይጋልባል።

«አባዬ» አልኩት፣ «ልብህ ሰፍቷል።»
ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነበት።
«ይህንን ሸለቆው ሁሉ ያውቀዋል፤
ልበ ሰፊነቴን ለመንገር ኤሌክትሪክ ምን ያደርጋል?»

አልሳቅሁም።
«ደግነትህ አይደለም ያሰፋው፣ አርባ ዓመት ያነሳኸው ቀንድ ነው።
አልሰከርኩም ትላለህ። ምላስህ ነው ያልሰከረው፣ እግርህ ነው ያልሰከረው፤
ልብ ግን አይንገዳገድም፣ አይዘፍንም፣ አይሳደብም፣
ዝም ብሎ ይለጠጣል እንጂ።»

ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ ቆጠረ፣ የገበታውን ሰዎች፦
ኑግዛር፣ በወይን ለቀማ፣ ከነቅርጫቱ፤
ጄማል፣ ሃምሳ ሁለት ሳይሞላው፣ በልጁ ሠርግ ሌሊቱ፤
ሮላንድ፣ በበረዶ ወቅት፣ መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ።
«ሁሉንም» አለ፣ «‹ለጤናህ!› እያልናቸው ነው የሸኘናቸው፤
ከቀብር መልስም ቁጭ ብለን፣ ለነፍሳቸው ጠጣንላቸው።»

በዚያ ዓመት ጋኖቹን ለሰው አስረከበ።
እስከ አንገታቸው የተቀበሩ ጋኖች ናቸው፤ ወይኑ ሲፈላ
ከመሬት ሥር ይተነፍሳሉ። ማታ ማታ ወርዶ ይሰማቸዋል፣
እጁን ኪሱ ከትቶ።

ከባዱ ወይኑን መተው አልነበረም። ከባዱ ምሽቱ ነበር።
ውሃ ይዞ የሚመርቅ ታማዳ ማን ይጠራል?
የቫክታንግ ልጅ ስታገባ ሌላ ሰው ቀንዱን ያዘ፤
ከበሮው ከአጥሩ ማዶ፣ አባቴ ከአጥሩ ወዲህ፣
ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣
ምርቃቱን ለጨለማው እያደለ።

በስምንተኛው ወር እንደገና ተጋደመ።
ለካሁ። ደገምኩ። አላመንኩም፣ ሦስተኛ ለካሁ።
ግድግዳው ጠንከር ብሏል፤
ከአራት እጅ አንዱ፣ ሁለት ሊሆን ምንም አልቀረው፤
ግልቢያው ቀርቶ ሶምሶማ ሆኗል።

«ምን አየሽ?»
«ጠቧል፣ አባዬ። ልብህ ጠቧል።»

ጣራውን እያየ ቆየ።
«እንግዲህ በስተርጅና ጠባብ አደረግሽኝ» አለ፤
እጄን ግን ከደረቱ ላይ እንዳነሳ አልፈቀደም።